የእንጦጦን ሣር ምድርና የዱር እንስሳቱን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት በብዛት የሚታወቀው በባሕር ዛፉ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በሯጮቹ ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ግን በዛፎቹ መካከል፣ በጋራው አናትና ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ስላለው ሣር ምድር፣ እንዲሁም በውስጡ ስለሚኖሩት እንስሳት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከሰዎች ጋር ወደዚያ መውጣት ከጀመርኩ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ መልሶቹን የጻፍኩት ጎብኚዎች በመንገድ ላይ የሚጠይቁኝን እያስታወስኩ ነው።

ቦታው በትክክል የት ነው? የተከለለ ጥብቅ ስፍራ ነው ወይስ ክፍት መሬት?

ሁለቱም ነው። ከተማውን በሚያየው ተዳፋት ላይ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር አገር በቀል ዛፎችን እየተከለ ሲንከባከበው የኖረው የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ አለ። በስተምዕራብ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የእፅዋት ማዕከል ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ በዋናነት ለመዝናኛ የተዘጋጀ ነው። ጀርባውን ተሻግረው ወደ ሰሜን ሲወርዱ የሚያገኙት መሬት ግን አብዛኛው የሱሉልታ ገበሬዎች ከብት የሚያሰማሩበትና ድርቆሽ የሚያጭዱበት ነው። በመሆኑም በአንድ የእግር ጉዞ ውስጥ ከተጠበቀ ክልል ወጥቶ ሳያውቁት በሰው ይዞታ ላይ መገኘት ቀላል ስለሆነ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ይዞ መሄድ ተገቢ ነው።

የጋራው ከፍተኛ ቦታ ወደ 3200 ሜትር ይደርሳል። አናቱ የውኃ መለያ ድንበርም ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ የከተማችን ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ ሜዳና በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። አንድ እግርን በዓባይ፣ ሌላውን በአዋሽ ተፋሰስ ላይ አድርጎ መቆም የሚቻልበት ቦታ ከአራት ኪሎ ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ዛፍ የሌለበትን ሜዳ ምን ብለን እንጎበኘዋለን?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለምሰማው ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ሣሩ ከሩቅ ሲታይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ወይም አንድ ዓይነት ቢጫ ይመስላል። ተንበርክከው ሲመለከቱት ግን ቁመቱ ከሰው ወገብ የሚያልፈውና ለቤት ክዳን የሚፈለገው ሰንበሌጥ፣ እናቶቻችን ሰፌድና ሙዳይ የሚሰፉበት አክርማ፣ ከብት የሚወደው የአገር ማገጥ፣ ረግረግ ባለበት ደግሞ ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይዞ ይገኛል። መሬቱም ዝም ብሎ የተኛ አይደለም። ጧት ጤዛው ሳይደርቅ ጥቁርና እርጥብ አፈር የተቆለለበት ትንሽ ጉብታ ካዩ ሥራው የፍልፈል ነውና አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ጉብታው ከውስጥ ሲገፋ ይንቀሳቀሳል፤ ጓል ይንከባለላል፤ አንዳንድ ጊዜ ብርቱካንማ ጥርስ ያለው፣ ዓይኑ ከሽንብራ የማይበልጥ ፊት ለአንድ አፍታ ብቅ ብሎ ይመለሳል። ያን ጊዜ ቀና ብለው ዙሪያውን ቢመለከቱ ደግሞ፣ በአቅራቢያው ባለ ግንድ ወይም የአጥር እንጨት ላይ ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ የዛገ ብረት የመሰለ ጭልፊት ያንኑ ጉብታ ሲጠብቅ ያገኙታል።

ፍልፈሉ አፈሩን ያገላብጣል፣ ውኃ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ መንገድ ይከፍታል፤ ጭልፊቱና ቀበሮው ፍልፈሉን ይበላሉ፤ ሌሊት ጅቡ በዚያው ያልፋል። ሣሩ ባዶ ቦታ እንዳልሆነ ለማመን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔ አላገኘሁም።

በየትኛው ወር መሄድ ይሻላል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ የሚስተካከል የለም። ክረምቱ ሲወጣ ተዳፋቱ በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል፣ አየሩ ይጠራል፣ ምንጮቹም ገና አልደረቁም። በዚሁ ወቅት ክረምታቸውን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች መድረስ ይጀምራሉ፤ እስከ መጋቢት ድረስም ይቆያሉ። ከከብቶች እግር ሥር ነፍሳት እየለቀሙ የሚሯሯጡት ደረተ ቢጫ ትንንሽ ወፎች፣ ሜዳውን ዝቅ ብለው እየቀዘፉ የሚያስሱት ቀጫጭን ጭልፊቶችና ታላላቆቹ የእስያ ንስሮች ከእነዚህ እንግዶች ውስጥ ናቸው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ለእግር ጉዞ የሚመቹ ደረቅ ወራት ቢሆኑም በሱሉልታ በኩል ጧት ውርጭ ይጥላል። በጥርና በየካቲት ሣሩ ደርቆ ስለሚያጥር የሚበርና የሚሮጥ ሁሉ በቀላሉ ይታያል፤ የቃጠሎው ሥጋትም የሚበረታው ያኔ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ተዳፋቱ ያንሸራትታል፤ ሜዳው ላይ ያለው የመረሬ አፈርም ጫማን ይዞ ያስቀራል። እንደኔ እንደኔ፣ በክረምት መሄድ የሚገባው አስቀድሞ ቦታውን በበጋ ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

በቀኑ ውስጥስ የትኛው ሰዓት ይመረጣል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ወፎቹም ዝም ይላሉ። የቀኑ ሙቀት ከበረደ በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሁለተኛ ዕድል ቢኖርም፣ ከመምሸቱ በፊት ወደ መኪና መንገድ መውጣት ግድ ነው።

በሕዝብ ትራንስፖርት እንዴት ይደረሳል?

ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም ሌላ ታክሲ ይዞ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ማርያም መሄድ ይቻላል። ለሰሜኑ ተዳፋት ደግሞ ከአዲሱ ገበያ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚሄዱ ታክሲዎች አሉ፤ አናቱን እንዳለፉ መውረድ ነው። በግል መኪና የሚመጣ ሰው መኪናውን በሣሩ ላይ ሳይሆን በጥርጊያው ወይም በአስፋልቱ ዳር እንዲያቆም እጠይቃለሁ፤ እርጥብ ሣር ላይ አንድ ጊዜ ያለፈ ጎማ የሚተወው ቦይ በሚቀጥለው ክረምት የጎርፍ መንገድ ይሆናል።

የትኞቹን ወፎች ለማየት ተስፋ ማድረግ ይቻላል?

ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የሚታዩባት አገር ናት። ከእነዚህ ውስጥ በደጋው ብቻ የተወሰኑት ብርቅዬዎች በእንጦጦና በሱሉልታ በአንድ ማለዳ ሊታዩ ይችላሉ። ሁለት ሰዓት በታክሲ ተጉዞ በሌላው ዓለም የሌለ ወፍ ማየት የሚችል የዋና ከተማ ነዋሪ ጥቂት መሆኑን ሳስብ፣ ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ማደጋቸው ይቆጨኛል።

በመጀመሪያ የሚሰሙት ጋጋኖን ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ምንቃሩ ወደታች የቀለሰ፣ ከጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ሲሆን፣ በቡድን ሲነሣ የሚያሰማው ጋጋታ ስሙን ያስታውሳል። በከተማው ውስጥ በግቢዎች ሣር ላይም ስለሚታይ ብዙዎች ተራ ወፍ አድርገው ያዩታል፤ በዓለም ላይ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር የትም የለም። ቀጥሎ የሚታየው ምንቃረ ወፍራሙ፣ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ነው።

የሣሩ እውነተኛ ባለቤት ግን በእንግሊዝኛ አቢሲኒያን ሎንግክሎው የሚባለው ወፍ ነው። ከድንቢጥ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ጀርባው የደረቀ ሣር መስሎ ስለሚሸሽግ፣ ፊቱን እስኪያዞር ድረስ በአምስት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ እንኳ ላይታይ ይችላል። ሲያዞር ግን ጉሮሮው እንደ እርድ የደመቀ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ፣ በዙሪያው ጥቁር ማተብ የመሰለ መስመር ይታያል። የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ሣር ምድር ብቻ ነው፤ ዛፍ በበዛበት ወይም ተደጋግሞ በታረሰ መሬት ላይ አይገኝም። ሣሩ ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይጠፋል።

ወደ ሱሉልታ ረግረግ ከወረዱ ደግሞ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ይፈልጉ። የሚኖረው በአገራችን ደጋ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከውኃው ዳር ይግጣል፤ በአምቦ መንገድ ባለው የገፈርሳ ግድብ ዙሪያም ይታያል። በዚያው እርጥብ መሬት ላይ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነው የደጋ ቂቂታ አለ፤ ሰው ሲቀርብ ስለሚጮኽ ሌሎቹን ወፎች ሁሉ ያስነሣቸዋል። በጅረቶቹ ዳር ቀይ ቡናማ ቀለም ያለው፣ ጅራቱን እያርገበገበ ከሥሩ ያለውን ነጭ ላባ የሚያሳይ የውኃ ዶሮ መሰል ወፍም አለ። ወደ ሰማይ የሚያዩ ሰዎች ጥንብ አንሣዎችንና ንስሮችን ያገኛሉ፤ ዕድለኛው ደግሞ አጥንት ከከፍታ ቋጥኝ ላይ ጥሎ እየሰበረ መቅኑን የሚበላውን ባለ ጢሙን ታላቅ አሞራ ሊያይ ይችላል።

የርቀት መነጽር ካለ ይምጣ፤ ከሌለ ግን ጉዞው አይቅር። ዝግ ብሎ መራመድና በየሃምሳው እርምጃ መቆም ከመነጽሩ ይበልጣል።

ጅብ አለ ይባላል። ያሠጋል?

አለ። ቀን በዋሻና በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ከተማው ዳርቻ ወርዶ ከቄራና ከቆሻሻ መጣያ የተጣለ ሥጋና አጥንት፣ የሞተ ከብትና ውሻ ይበላል። አዲስ አበባ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ሆና ሌሊት ከአልጋችን ላይ የጅብ ድምፅ መስማታችን በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው። የጣልነውን ጥንብ ማን እንደሚያነሣልን ብናስብ፣ እንስሳው ከምንሰጠው ስም የተሻለ ይገባዋል። በመንጋው ውስጥ ሴቷ ከወንዱ ትተልቃለች፤ የምትመራውም እርሷ ናት።

ሥጋቱን በተመለከተ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በቡድን ለሚጓዝ ሰው አደጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በጨለማ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብቻዎን አይሂዱ፤ ሕፃን ልጅ ከፊት ወይም ከኋላ ተነጥሎ እንዲሄድ አይፍቀዱ፤ በሜዳው ላይ አይተኙ፤ የሥጋ ትራፊ አይጣሉ። ድንገት ከተገናኙ አይሩጡ፤ ፊትዎን ወደ እርሱ አድርገው፣ ባትሪ እያበሩና ድምፅዎን ከፍ እያደረጉ ቀስ ብለው ወደኋላ ይራቁ። ማልደው የሚሮጡት አትሌቶችም ቢሆኑ በቡድን መውጣትን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ዋሻ አፍ ላይ የተበተነ አጥንትና እንደ ኖራ የነጣ ደረቅ ፋንድያ ካዩ የጅብ ማደሪያ ነውና ገብተው ለማየት አይሞክሩ፤ በዚያ ግልገል ሊኖር ይችላል።

ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ወይም ዋልያ ይገኛሉ?

አይገኙም። ዋልያ ያለው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። ጭላዳን ለማየት ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ያለውን ገደል መድረስ ይበቃል። የቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያ ባሌ ሲሆን፣ በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮችም በአነስተኛ ቁጥር ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ እንስሳት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል።

በእንጦጦ ሰዎች አይተው ቀይ ቀበሮ የሚሉት ተራው ቀበሮ ነው። ቀለሙ አመድማ ቡላ ሆኖ ጀርባው ላይ ጥቁር ጠጉር የተቀላቀለበት ነው፤ ቀይ ቀበሮ ግን እንደ ሸክላ የቀላ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሩም ረጅም ነው። ይህንን ተራ የምንለውን ቀበሮ ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ከእስያው ጋር አንድ አድርገው ሲቆጥሩት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ራሱን የቻለ፣ ለተኩላ የሚቀርብ ዝርያ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ተራ የሚለው ቃል ብዙም አይመጥነውም።

ሌሎች አጥቢ እንስሳትስ?

በቋጥኞቹ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሽኮኮ፣ በዛፎቹ ጥግ ጦጣ፣ በቁጥቋጦው ውስጥ ሚዳቋ፣ ሌሊት ደግሞ ጃርት ይኖራሉ፤ የጃርቱን ጥቁርና ነጭ እሾህ በመንገድ ላይ ወድቆ ማግኘት የተለመደ ነው። የምኒልክ ድኩላንና ጉሬዛን ማየት የሚፈልግ ሰው ግን በስተምዕራብ ወደ ወጨጫ ተራራ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ቢሄድ ይሻለዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውበታል የሚባለው ያ ደን፣ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ከመልበሱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት የሚያስችል ቦታ ነው።

በሣሩ ላይ ዛፍ ብንተክልበት አይሻልም?

ጥያቄው በቅን ልቦና የሚነሣ ነው፤ በየክረምቱ ችግኝ ይዞ የሚወጣውን ሕዝብም ከልቤ አከብራለሁ። መልሱ ግን ቦታውን ይለያል።

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ሳሉ ጋራው ጽድና ወይራ ነበረው። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲቆረጥ ተመናመነ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍልውኃው ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም የማገዶው ችግር አልተቃለለም። ባሕር ዛፍ የመጣው ያንን ለመፍታት ነው፤ ፈትቶታልም። ነገር ግን ከሥሩ የሚወድቀው ቅጠል ሌላ ተክል እምብዛም አያበቅልም፤ መሬቱ ስለሚራቆት ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በቁልቁለቱና በቦረቦሩ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በአስታ መተካት ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ከፍ ብዬ የጠቀስኩት ማኅበርም ሲደክምበት የኖረው ለዚሁ ነው።

በአናቱ ስስ አፈር ላይ ያለውን ሣርና የሸለቆውን ረግረግ ሜዳ መንካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ ቦታዎች የተመነጠረ ደን አይደሉም። የሣሩ ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ አፈሩን ይይዛል፤ የክረምቱን ውኃ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ቀስ እያለ ለምንጮቹ ይለቃል። በዚያ ላይ ዛፍ መትከል፣ ይልቁንም ባሕር ዛፍ፣ ምንጩን ያደርቃል፤ ከላይ የገለጽኩትን ባለ ብርቱካንማ ጉሮሮ ወፍም ያፈናቅላል። ለመትከል የሚወጣ ቡድን ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ቦታውን የሚያውቅ ባለሙያ እዚህ ቀድሞ ምን ነበረ ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጉዳት ይቀራል።

ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባና ለምለም ሣር ማጨድ ይቻላል?

በተከለለው ክልል ውስጥ አይቻልም። በገበሬው ይዞታ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዶ ከመግዛት ሌላ መንገድ የለም። አደይ ዘሩን ሳያራግፍ ከተነቀለ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ቦታ ይሳሳል፤ ስለዚህ የሚቆረጥ ከሆነ ሥሩ ሳይነቀል፣ ከብዙው ጥቂቱ ብቻ ይሁን።

ማጨድ ራሱ ከተጠነቀቁበት ለሜዳው ጠላት አይደለም። በአንድ የጥቅምት ማለዳ በሱሉልታ በኩል ስንወርድ፣ ድርቆሽ ሲያጭዱ የነበሩ አንድ አዛውንት ድንገት ማጭዳቸውን አቁመው በእጃቸው ጠሩን። ሣሩን በሁለት ጣታቸው ገለጥ ሲያደርጉት፣ ከቡና ስኒ የማይሰፋ ጎጆ ውስጥ ነጠብጣብ ያለባቸው ሦስት እንቁላሎች ተቀምጠው ነበር። መልሰው ሸፈኑት፤ በዙሪያው የሰፌድ ስፋት ያህል ሣር ሳያጭዱ ትተውም ወደፊት አለፉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ስመለስ ያ የተተወ ቁና ሣር በተመለጠው ሜዳ መካከል ለብቻው ቆሞ ነበር። በርካታ የሣር ወፎች ጎጆአቸውን መሬት ላይ እንደሚሠሩ ያስተማርኩት ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ከእኔ ሰምቷል።

ከእረኞች፣ ከአጫጆችና ከእንጨት ተሸካሚ እናቶች ጋር ስንገናኝ ምን እናድርግ?

ሰላምታ ይስጡ። በሱሉልታ በኩል «አካም ቡልተን» ብሎ መጀመር ፊትን ሁሉ ያበራል። የእንጦጦን ቁልቁለት ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ ግን መንገዱን ለቀው ወደ ዳር ይቁሙ፤ ሸክም የያዘ ሰው ቆሞ እንደገና ለመነሣት የሚከፍለውን ጉልበት እርሱ ብቻ ያውቀዋል። ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱአቸው። ድካማቸው ለእኛ ማስታወሻ የሚሆን ትርኢት አይደለም።

ድሮን ማብረር ይፈቀዳል?

ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ሳያገኙ አይፈቀድም። ፈቃዱ ቢኖርም እንኳ አሞራዎች በሚያንዣብቡበት ገደል አጠገብ እንዳይበር እመክራለሁ።

ውሻዬን ይዤ መምጣት እችላለሁ?

እባክዎ ቤት ይተውት። ውሻ መሬት ላይ ያለን ጎጆ በማሽተት ያገኛል፤ ሚዳቋም ያባርራል። ከዚህ የሚብሰው በሽታው ነው፤ በባሌ የቀይ ቀበሮን ቁጥር ደጋግሞ የቀነሰው ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለእንጦጦው ቀበሮም ሥጋቱ ያው ነው። የእረኞቹ ውሾች ደግሞ እንግዳ ውሻን በሰላም አይቀበሉም።

ምን መልበስና ምን መያዝ ያስፈልጋል?

ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የሚደራረብ ሹራብ፣ ባርኔጣና ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ። ደማቅ ቀይና ነጭ ልብስ ወፎቹን ስለሚያርቅ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይመረጣል። ምግብ በፌስታል ሳይሆን በዕቃ ይያዝ፤ ነፋሱ የነጠቀውን ፌስታል ላም ትውጠዋለች፣ ገበሬውም ላሙን ያጣል።

ረጅሙ ሱሪ ለሳማ ነው። በአጥር ሥርና በድንጋይ ካብ አጠገብ የሚበቅለው የደጋ ሳማ ልብስ ያልሸፈነውን ቆዳ ሁሉ ይለበልባል፤ ከነካዎ ሳያኩ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡት። ከጉዞ ሲመለሱም ከከብት የሚተላለፍ መዥገር እንዳይኖር ካልሲንና ጉልበት ሥርን መፈተሽ ይገባል።

ከፍታው ያሳምማል? ዝናብስ ቢመጣ?

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከ2400 ሜትር ገደማ ስለሚነሣ ከመጠነኛ ማለክለክ ያለፈ አይገጥመውም። ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ የመጣ እንግዳ ግን በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ ባይወጣ ይመረጣል። የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ያማክር።

ከዝናቡ ይልቅ መብረቁ ያስፈራል። ደመና ሲጠቁር ከአናቱ ቶሎ ይውረዱ፤ ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ።

ሣር ሲቃጠል ባይ ምን ላድርግ?

ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ አይተው፣ ከእሳቱ በላይ ወዳለው ቁልቁለት ፈጽሞ ሳይወጡ ወደ ጎን ይራቁ፤ እሳት ሽቅብ ከሰው ይፈጥናል። ለጥበቃዎች ወይም በአቅራቢያ ላሉ ነዋሪዎች ወዲያው ይንገሩ። በደረቁ ወራት ቡና ለማፍላትም ሆነ በቆሎ ለመጥበስ በሣሩ ላይ እሳት አይለኩስ፤ የሲጋራ ቁራጭም አይጣል።

የተጎዳ ወይም ጎጆው የወደቀበት እንስሳ ካገኘሁስ?

አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ተግባር አለመንካት ነው። መሬት ላይ ብቻውን የተቀመጠ የወፍ ጫጩት ብዙውን ጊዜ የተተወ አይደለም፤ እናቱ እርስዎ እስኪሄዱ ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሆና ትጠብቃለች። ምግብ በአፏ ይዛ ከአንድ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው የምትመላለስ ወፍ ካዩ፣ የቆሙት በጎጆዋ አጠገብ ነውና በመጡበት ዱካ ይመለሱ። በግልጽ የተጎዳ ትልቅ እንስሳ ወይም በወጥመድ የተያዘ ካጋጠመዎት ግን ቦታውን በስልክዎ መዝግበው ለፓርኩ ጥበቃዎች ወይም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያስታውቁ። ጅብና ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዛቸው ስለሚችል፣ ደክመው ቢወድቁም በእጅ አይነኩ፤ የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጥቦ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት።